ፔኒሮያል፦ የአንድ የዱር ናና ታሪክ ከቤተ መቅደስ ጽዋ እስከ ድንገተኛ ክፍል

መግቢያ

ተለማማጅ ሐኪም በነበርኩበት ዘመን አንድ ሌሊት፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ፣ የምትናገረውን በቅጡ የማታውቅና በተደጋጋሚ የሚያስመልሳት ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣች። ደሟን ለወባ መረመርን፤ የጉበት ብግነትን ጠረጠርን፤ ግሉኮስ ሰጠን። ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመራት፣ ከቆላ ተመልሳ እንደ ሆነ፣ ደም ወስዳ እንደ ሆነ አክስቷን ጠየቅን። ያልጠየቅነው አንድ ነገር ነበር። በሁለተኛው ቀን አክስቲቱ አንዲት ነርስ ወደ ጎን ጠርታ፣ «ለሐኪሞቹ መናገር አፍሬ ነው እንጂ እኅቴ፣ የወር አበባዋ ቢዘገይባት የቅጠል ውኃ ተፈልቶላት ጠጥታለች» አለቻት። ወጣቷ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ቅጠሉን ከእኛ መካከል ያየው ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በቅጠላ ቅጠል ስለሚደርስ የጉበት ጉዳት የተጻፈውን ሳነብ፣ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ስም የአንድ ትንሽ የዱር ናና ስም ነው። ይህ ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ሜንታ ፑሌጊየም፣ በእንግሊዝኛ ፔኒሮያል ይባላል። ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የሚዘልቅ የተጻፈ ታሪክ አለው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የቁንጫ ማባረሪያና መርዝ ሆኖ አገልግሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን በአጭሩ ተርኮ፣ ለጤና ባለሙያ የሚተወውን ትምህርት ማሳየት ነው።

ተክሉና መኖሪያው

ፔኒሮያል ከናና፣ ከበሶብላ፣ ከጦስኝና ከዳማ ከሴ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሎቹም ትይዩ ናቸው። ከሌሎቹ ናናዎች የሚለየው ግን ቁመቱ አጭር፣ ቅጠሉም ትንሽ በመሆኑ ነው። ግንዱ በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ አበባ የሚይዘው ቅርንጫፍ ብቻ ቀና ይላል። ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው አበቦቹ በግንዱ ዙሪያ፣ በየቅጠሉ ብብት፣ እንደ ትናንሽ ኳሶች ተራርቀው ይወጣሉ። ቅጠሉ ሲታሽ የሚሰጠው ሽታ ከተለመደው ናና ይልቅ ኃይለኛ ነው።

የተፈጥሮ መኖሪያው አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪቃና ምዕራብ እስያ ነው። የሚወደው ሥፍራ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚደርቅ የኩሬ ዳርና የግጦሽ መስክ ነው። ከብቶች ሣሩን አሳጥረው ሲግጡና ጭቃውን በኮቴያቸው ሲረግጡ ለእርሱ ይመቸዋል፤ ረጃጅም ሣር ከዋጠው ግን ይጠፋል። በብሪታንያ የመንደር የጋራ ግጦሽና ኩሬ እየቀረ በመሄዱ ተክሉ እጅግ ተመናምኖ በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የዱር ዕፅዋት አንዱ ሆኗል። በአንጻሩ ሰፋሪዎች ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ ካሊፎርኒያ ካደረሱት በኋላ በእነዚያ አገሮች መስኩን የሚወርር አረም ሆኗል።

በጥንታዊ ግሪክና ሮም

ግሪኮች ተክሉን ብሌኾን ወይም ግሌኾን ይሉት ነበር። ለዴሜጥር የተደረሰውና በሆሜር ስም የሚጠራው ጥንታዊ መዝሙር እንደሚተርከው፣ ልጇ የተነጠቀችባት አምላክ በሐዘኗ ወይን ጠጅ አልቀምስም ብላ፣ በምትኩ ከገብስ፣ ከውኃና ከለጋ ፔኒሮያል የተቀላቀለ መጠጥ እንዲሰጣት ጠየቀች። ኪኬዮን የተባለው ይህ መጠጥ ከአቴና አቅራቢያ በምትገኘው በኤሌውሲስ በሚከበረው ምሥጢራዊ በዓል የሚጾሙ ሰዎች ጾማቸውን የሚፈቱበት ጽዋ ሆነ። እንግዲህ ተክሉ በታሪክ መጀመሪያ የምናገኘው በመቅደስ ነው።

ሁለተኛው ፈርጅ በሕክምና መጻሕፍት ይገኛል። በሂፖክራጥስ ስም በተሰበሰቡት ድርሳናት ውስጥ ፔኒሮያል ለሴቶች ሕመም ከሚታዘዙት አንዱ ነው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የኖረው ዲዮስቆሪዴስ ደግሞ ለብዙ ዘመናት የሐኪሞች መመሪያ ሆኖ በኖረው መጽሐፉ፣ ይህ ዕፅ የወር አበባን እንደሚያመጣ፣ የእንግዴ ልጅንና ፅንስን እንደሚያስወጣ ጽፏል። በዚያው ምዕተ ዓመት የነበረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ለመኝታ ክፍል ከጽጌረዳ አክሊል ይልቅ የፔኒሮያል አክሊል የተሻለ እንደ ሆነ ገልጾ፣ አበባው ሲጨስ ቁንጫን እንደሚገድል አክሏል። ፑሌጊየም የሚለው የላቲን ስምም ፑሌክስ ከሚለው ቃል፣ ማለትም ከቁንጫ፣ እንደ መጣ ይነገራል። በሮማውያን ማዕድ ቤት ደግሞ ቅመም ነበር፤ አፒኪዩስ በሚል ስም በሚታወቀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

እውቀቱ በሐኪሞች ዘንድ ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረ የአቴና ቴአትር ይመሰክራል። አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ421 ዓመት ባቀረበው «ሰላም» በተሰኘው ኮሜዲ ውስጥ ስለ ፔኒሮያል የሚነገር ቀልድ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ጆን ሪድል እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ ቀልዱ ፅንስን ስለ ማስወረድ ነው ሲል፣ ሌሎች ምሁራን ደግሞ ፍራፍሬ አብዝቶ ለበላ ሰው ስለሚሰጥ የሆድ መድኃኒት ነው ይላሉ። የትኛውም ትርጉም ቢወሰድ፣ ተመልካቹ ሕዝብ ተክሉን ያውቀው እንደ ነበር ግልጽ ነው።

ከገዳም አትክልት እስከ መርከብ

የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ በምዕራብ አውሮፓ የዕፀ መድኃኒት እውቀት መጠለያ ያገኘው በገዳማት ነው። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በራይሼናው ገዳም ይኖር የነበረው ዋላፍሪድ ስትራቦ ስለ አትክልት ቦታው በግጥም በጻፈው መጽሐፍ ለፔኒሮያል የተለየ ክፍል ሰጥቶታል። ከዱር የተለቀመው ዕፅ በመደብ ተተክሎ መኮትኮቱን ከሚያሳዩ የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ ይህ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1597 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ የደረቀ ፔኒሮያል በመርከብ ላይ በተበላሸ ውኃ ውስጥ ቢጣል ውኃውን እንደሚያሻሽል፣ የሚጠጡትንም እንደማይጎዳ ጽፏል። ለወራት በበርሜል የቆየ ውኃ የሚጠጣ መርከበኛ ሽታውን የሚሸፍንለትን ነገር ቢወድ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የውኃው ሽታ መለወጡ ውኃው መንጻቱን አያሳይም። በዚያው አገር ሕዝቡ ቅጠሉን በአሳማ ሥጋ ፑዲንግ ውስጥ ስለሚጨምረው «የፑዲንግ ሣር» ይለው ነበር። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩ ሰፋሪዎች ደግሞ ሽታው ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ተክል አገኙና ያንኑ ስም ሰጡት። ይህ የአሜሪካ ፔኒሮያል፣ ሄዴኦማ ፑሌጊዮይዴስ፣ የሌላ ወገን ተክል ቢሆንም በዘይቱ ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር አንድ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ የመድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ክኒንና ሕግ

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በአብዛኛው ስለ ቅጠሉና ስለ ሻዩ ነው። የታሪኩ አቅጣጫ የተለወጠው በእንፋሎት የተነጠረው ዘይት በትናንሽ ጠርሙስ እየታሸገ በየመድኃኒት መደብሩ መሸጥ ሲጀምር ነው። ከደረቅ ቅጠሉ ክብደት የሚገኘው ዘይት ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ገደማ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ሲኒ ሻይ ከምታገኘው ብዙ እጥፍ የሚሆነው አሁን በአንድ ማንኪያ ውስጥ ገባ።

በዚያው ዘመን ሕጉ ጠበቀ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1803 ሕግ ፅንስ ማስወረድን በጽሑፍ ሕግ ወንጀል አደረገ፤ የ1861 ሕግ ደግሞ ራሷን ሴትዮዋን በዕድሜ ልክ እሥራት የሚያስቀጣ ሆነ። ነገር ግን ሴቶች ያልፈለጉት እርግዝና በሕጉ ምክንያት አልቀረም። ጋዜጦች «የፔኒሮያልና የብረት ክኒን» የሚል ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ክኒኑ «የተዘጋውን» ወይም «የዘገየውን» ያስተካክላል ከማለት በቀር ስለ እርግዝና አንድም ቃል አይተነፍስም። ሻጩም ገዢዋም ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ይህ የተሸፈነ ቋንቋ ለነጋዴው ከሕግ ማምለጫ ሆነለት፤ ለሴትዮዋ ግን መጠኑን፣ አደጋውንና የመመረዝ ምልክቱን የሚነግራት ሰው አሳጣት።

የሞት ዜናዎችም በሕክምና መጽሔቶች መታየት ጀመሩ። ላንሴት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1897 በፔኒሮያል ሳትመረዝ አልቀረችም ስለተባለች ሟች፣ በ1955 ደግሞ ስለ ሌላ ሟች ዘገባ አትሟል።

መርዙ እንዴት እንደሚሠራ

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት አንዲት የ18 ዓመት ወጣት እስከ 30 ሚሊ ሊትር የሚደርስ የፔኒሮያል ዘይት ጠጣች። በሰዓታት ውስጥ ማስመለስና የሆድ ሕመም ጀመራት፤ ቀጥሎም ጉበቷ ተበላሸ፣ የደም መርጋት ሥርዓቷ ተቃወሰ፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ ሞተች። ጉዳዩን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት አሳወቀ፤ በ1979 ደግሞ አነስተኛ መጠን ጠጥተው ከዳኑ ሁለት ሴቶች ጋር በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በዝርዝር ታተመ።

ይህ ሞት ተመራማሪዎችን አነቃቃ። እ.ኤ.አ. በ1982 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የዘይቱ ዋና መርዛማ ክፍል ፑሌጎን የተባለው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። ፑሌጎን በራሱ ብቻ ሳይሆን በጉበት ውስጥ በሚደርስበት ለውጥ ይጎዳል። የሳይቶክሮም ፒ 450 ኢንዛይሞች ወደ ሜንቶፉራን ይለውጡታል፤ ከእርሱም ከጉበት ሕዋስ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቁ ውጤቶች ይወጣሉ። ሕዋሱ በግሉታታይዮን ራሱን ይከላከላል፤ ግሉታታይዮኑ ሲሟጠጥ ግን በጉበት ንዑስ ክፍል መካከል ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። አንባቢው እንደሚገነዘበው ይህ ከፓራሲታሞል መመረዝ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ኤን-አሴቲልሲስቲን ለፔኒሮያል መመረዝም የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በተመሳሳይነቱና በጥቂት ሕሙማን ልምድ ላይ የተመሠረተ እንጂ በሰፊ ንጽጽራዊ ጥናት የተረጋገጠ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን የታተመ ጽሑፍ አራት አዳዲስ ሕሙማንን አቅርቦ ቀድሞ የተዘገቡ 18 ጉዳዮችን ከልሷል። ከአራቱ አንዷ የሞተች ስትሆን፣ እርግዝናዋ ከማኅፀን ውጭ እንደ ነበረ ታውቋል። ይህ ጉዳይ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ማንኛውም ቅጠል ከማኅፀን ውጭ ያለን እርግዝና አያስወርድም። የደም መፍሰሱና የሆድ ሕመሙ ግን «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ተብሎ ሊተረጎም፣ ሴትዮዋም ወደ ሐኪም ሳትመጣ ልትሞት ትችላለች።

ከተሰበሰቡት ዘገባዎች እንደሚታየው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ከባድ መመረዝን፣ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ደግሞ ሞትን አስከትሏል። ፔኒሮያል እናትየውን በማይጎዳ መጠን ፅንስን እንደሚያስወርድ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ዲዮስቆሪዴስ ያየው ውጤት፣ ምናልባት፣ የተመረዘ አካል ፅንሱን መጣሉ ነው።

ሁለቱ ሕፃናት

ሁሉም የተመረዙት ግን ፅንስ ለማስወረድ የጠጡ አልነበሩም። በዚያው በ1996 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ሁለት ሕፃናት ተዘግበዋል። ቤተሰቦቻቸው በቤት ውስጥ የፈላ የናና ሻይ ሰጥተዋቸዋል። ሻዩ ግን የፔኒሮያል ነበር። አንደኛው የስምንት ሳምንት ሕፃን ጉበቱ ሥራውን አቁሞ፣ አንጎሉ አብጦ ሞተ። ሁለተኛው የስድስት ወር ሕፃን የጉበት ጉዳትና የሚጥል ሕመም ደርሶበታል። በሁለቱም ደም ውስጥ የመርዙ ምልክት ተገኝቷል።

እነዚያ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደዱ እንጂ አልጠሉም። የሆድ ቁርጠቱን ያስታግሥለታል ብለው፣ ከእናቶቻቸው የተማሩትን አደረጉ። በአገራችንም የጤና አዳም ውኃ፣ የቅጠል ሻይ ወይም ቅቤ ለአራስ ልጅ መስጠት ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የልጁ ጉበት ትንሽ፣ ኢንዛይሞቹም ያልጠነከሩ ናቸው። ለትልቅ ሰው የማይታወቅ መጠን ለእርሱ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ የሚለው ምክር ከዚህም አደጋ ይጠብቀዋል።

አዝመራውና የዛሬ አገልግሎቱ

ፔኒሮያል ለማልማት አስቸጋሪ ተክል አይደለም። ሥር የሰደደውን የግንዱን ቁራጭ ቆርጦ በእርጥብ፣ ለም አፈር ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት መትከል ይበቃል። ከዘር ሲበቅል ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፈር ሳይጫነው በላዩ ይበተናል። ውኃ እንዳይጎድልበትና አረም እንዳይውጠው መጠበቅ ዋናው ሥራ ነው። የሚታጨደው አበባ ማውጣት ሲጀምር፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ሲሆን፣ በጥላ ሥር ይደርቃል ወይም ወደ ማንጠሪያ ይወሰዳል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ፑሌጎን በብዙ ሥፍራ ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴም ከ80 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ጥቂት ፑሌጎን ብቻ ያላቸው ዘሮችም አሉ። ስለዚህ ከሁለት ማሳ የታጨዱ፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት እስሮች እኩል መርዛማ ላይሆኑ ይችላሉ። «እናቴ ይህን ያህል ጠጥታ ምንም አልሆነችም» የሚለው ማስረጃ የማይታመነው ለዚህ ነው።

ዛሬም በሞሮኮ ፍሊዮ በሚል ስም ለጉንፋን በሻይና በወተት ይጠጣል፤ ዘይቱም ይነጠራል። በፖርቱጋል አሌንቴዡ አውራጃ በዳቦ ሾርባ ውስጥ የሚገባ ቅመም ነው፤ ጣፋጭ አረቄም ይሠራበታል። በአነስተኛ መጠን በምግብ ውስጥ መግባቱና ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁንጫን ለማባረር የሚያገለግለው ጥንታዊ ልማዱ እንኳ አደጋ አያጣውም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ቁንጫ ለማጥፋት በቆዳዋ ላይ ዘይቱ የተቀባች ውሻ በጉበት መበላሸት መሞቷ ተዘግቧል።

ንጥረ ነገሩን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፑሌጎንን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» ከሚላቸው መደብ አስገብቶታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2018 በሰው ሠራሽ መንገድ የተዘጋጀ ፑሌጎን ለምግብ ጣዕምነት እንዳይውል ፈቃዱን አንሥቷል። በየቤታችን በሻይ ውስጥ የምንጨምረው የተለመደው ናና ግን ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ፑሌጎን እጅግ አነስተኛ ነው። በአገራችን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል የናና ዝርያዎችን ለዘይት ምርት ሲያጠና ቆይቷል። እንዲህ ያለው ልማት ሲስፋፋ፣ ጠርሙሱ ላይ የዝርያው ስም፣ የዘይቱ ይዘትና «አይጠጣም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፉ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ለእኛ የሚተወው ትምህርት

የፔኒሮያል ታሪክ የአውሮፓና የአሜሪካ ታሪክ ቢሆንም፣ ጥያቄው የእኛም ነው። በአገራችን ለዚሁ ዓላማ እንዶድና ኮሶን የመሳሰሉ ዕፅዋት ሲጠጡ ኖረዋል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝና በሕክምና ተቋም ሊቋረጥ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የአፈጻጸም መመሪያ አውጥቷል። የእንግሊዝ ጋዜጦች ታሪክ እንደሚያስተምረው ግን ሴትን ወደ ቅጠል የሚገፋት ሕግ ብቻ አይደለም። ሐፍረትና ያልተነገረ ነገርም ይገፏታል።

ስለሆነም ለሥራ ባልደረቦቼ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት መጎዳት፣ ማስመለስ፣ የሚጥል ሕመም ወይም የደም አለመርጋት ያለበትን ሕመምተኛ ሁሉ ስለ ቅጠላ ቅጠል እንጠይቅ። ጥያቄው «የባህል መድኃኒት ወስደሻል?» ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ «አልወሰድኩም» ነው፤ ሻይና የፈላ ውኃ በሕመምተኛዋ ዘንድ መድኃኒት አይባልምና። «ሰሞኑን ምን የፈላ ነገር ጠጣሽ? ማን ሰጠሽ? ስንት ጊዜ?» ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው አስታማሚ በሌለበት፣ በዝግታና ያለ ተግሣጽ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የቀረው ቅጠል ወይም ጠርሙስ ከቤት እንዲመጣ እንላክ። አራተኛ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት፤ ከማኅፀን ውጭ ያለ እርግዝናም ይታሰብ። አምስተኛ፣ ከእናቶች ጋር በክትባት ቀን ስንገናኝ፣ ለሕፃኑ ምን እንደሚሰጠው እንጠይቅ እንጂ ምንም እንደማይሰጠው አንገምት።

ከዚያች ሌሊት በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች ሳልጠይቅ ያለፍኩት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ የለም። አብዛኞቹ ምንም አልጠጡም። ጥቂቶቹ ግን ጠጥተው ነበር፤ ቀድመው ስለ ነገሩንም ከእነርሱ የዳኑ አሉ።